የሊኑክስ ላፕቶፕ ስክሪን ብርሃን አልጨምር አልቀንስ ሲል፦ ደረጃ በደረጃ ፍተሻና ጥገና

የብርሃን ቁልፉን ስትጫኑ ምንም አይለወጥም። ወይም በስክሪኑ ላይ የሚታየው መለኪያ ይወጣል ይወርዳል፣ ብርሃኑ ግን ፍንክች አይልም። ወይም ላፕቶፑ በተነሣ ቁጥር ብርሃኑ ጣሪያ ነክቶ ይጠብቃችኋል። ሦስቱ የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው ለአንዱ የታዘዘውን የከርነል መስመር (የሊኑክስ እምብርት ለሆነው ከርነል ሲነሣ የሚሰጥ ትእዛዝ) ለሌላው ስለሚለጥፍ ነው። ያ አልሠራ ሲለው ሌላ ይጨምርበታል፤ በመጨረሻ ላፕቶፑ በጨለማ ይነሣል።

የብርሃን ትእዛዝ ከጣታችሁ ተነሥቶ አራት ቦታ ያልፋል፦ ቁልፉ፣ ዴስክቶፑ፣ ከርነሉ፣ ፓነሉ (ስክሪኑ ራሱ)። ፍተሻውን ከመሃል፣ ከከርነሉ እንጀምራለን። እዚያ አንድ ቁጥር በእጅ ጽፋችሁ ካያችሁ ጥፋቱ ከላይ ይሁን ከታች በሁለት ደቂቃ ይለያል።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. ቻርጀር ሰኩ። በባትሪ ላይ ኃይል ቆጣቢው ብርሃኑን በራሱ ስለሚቀንስ ፍተሻችሁን ያሳስታል።
2. የስልክ ባትሪ መብራት አጠገባችሁ ይኑር። ስክሪኑ ቢጨልም በሰያፍ አብሩበት፤ ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ ሲስተሙ እየሠራ ነው፣ የጠፋው የኋላ ብርሃኑ ብቻ ነው ማለት ነው። ኦሌድ ስክሪን ግን የኋላ መብራት ስለሌለው በዚህ አይፈተንም።
3. የሊኑክስ መጫኛ ፍላሽ አዘጋጁ። ሊኑክስን የሚያስነሣውን የግራብን ፋይል ብታበላሹ የምትገቡበት በር እሱ ነው።
4. የከርነላችሁን ቁጥር መዝግቡ፦

ዩኔም -አር

ስለ ትእዛዞቹ አጻጻፍ፦ እዚህ ትእዛዞቹን በድምፃቸው ጽፈናቸዋል። ተርሚናሉ የሚቀበለው በላቲን ፊደል ነውና ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሳችሁ፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር በትንንሽ ፊደል ተይቡ። ሲስ ማለት ኤስ፣ ዋይ፣ ኤስ ነው። ኤልኤስ ሁለት ፊደል ነው፤ ኤልና ኤስ። ቲ የተባለው ትእዛዝ ሦስት ፊደል አለው፦ ቲ፣ ኢ፣ ኢ። ባክላይትና ብራይትነስ ውስጥ ያሉትን የማይነበቡ ጂ እና ኤች አትርሱ። የፎልደርና የፋይል ስም ሲረዝምባችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፊደላት ጽፋችሁ ታብ ተጫኑ፤ ቀሪውን ተርሚናሉ ይሞላዋል። ታብ ተጭናችሁ ካልሞላ ወይ ፊደል ሳታችሁ፣ ወይ ፋይሉ የለም።

ደረጃ 1፦ ቀላሉን አስወግዱ

በሴቲንግ ውስጥ የኃይል ክፍሉን ክፈቱ። አውቶማቲክ ብርሃን የሚለውን አጥፉ፤ ሥራ ሲፈታ ስክሪን አደብዝዝ የሚለውንም አጥፉ። ብርሃን መለኪያ ሴንሰር ያለው ላፕቶፕ እናንተ የጨመራችሁትን ከአፍታ በኋላ መልሶ ይቀንሰዋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

ውጫዊ ሞኒተር ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉ። ላፕቶፑ ተከድኖ በውጫዊ ሞኒተር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ቁልፉ ያንን ሞኒተር አያዘውም፤ የሱ ነገር መጨረሻ ላይ አለ።

ስክሪኑ የሚደበዝዘው ባትሪ ላይ ሲሆን ብቻ፣ ያውም ቀለሙ እየገረጣ ከሆነ፣ ግራፊክሱም ኤኤምዲ ከሆነ፣ ጥፋተኛው የፓነል ኃይል ቆጣቢው ነው። በኃይል ክፍሉ ወደ ፐርፎርማንስ ቀይራችሁ ፈትኑ። ቀለሙ ከተመለሰ ደረጃ 5ን ተከትላችሁ ኤኤምዲጂፒዩ.ኤቢኤምሌቭል=0 የሚለውን አስገቡ፤ የተቀረው አይመለከታችሁም።

ደረጃ 2፦ ከርነሉ የብርሃን መቆጣጠሪያ አለው?

ተርሚናል ክፈቱና፦

ኤልኤስ /ሲስ/ክላስ/ባክላይት

ከሦስት መልስ አንዱን ታገኛላችሁ።

- ምንም አልወጣም፦ ከርነሉ መቆጣጠሪያ አላገኘም። ወደ ደረጃ 4ሐ ዝለሉ።
- አንድ ስም ወጣ፦ ለምሳሌ ኢንቴል_ባክላይት፣ ኤኤምዲጂፒዩ_ቢኤል1 ወይም ኤሲፒአይ_ቪዲዮ0። ወደ ደረጃ 3 ሂዱ።
- ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ወጣ፦ ዴስክቶፑ የተሳሳተውን እያዘዘ ሊሆን ይችላል። ደረጃ 3ን በእያንዳንዱ ላይ ድገሙ።

ከከርነል 6.1 ወዲህ ከርነሉ ለአንድ ፓነል አንድ መቆጣጠሪያ ብቻ ለማሳየት ይሞክራል። ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ ግን ኤሲፒአይ_ቪዲዮ0 እና ኢንቴል_ባክላይት ጎን ለጎን መታየታቸው የተለመደ ነው፤ የድሮ ምክሮች በአዲስ ከርነል ላይ የማይሠሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በየፎልደሩ ውስጥ ታይፕ የሚባል ፋይል አለ። በካት አንብቡት፤ እዚህም ከዚህ በኋላም በኢንቴል_ባክላይት ቦታ የወጣላችሁን ስም ጻፉ፦

ካት /ሲስ/ክላስ/ባክላይት/ኢንቴል_ባክላይት/ታይፕ

ፈርምዌር ካለ ብርሃኑ በባዮሱ፣ ማለትም ከሊኑክስ በፊት በሚነሣው የላፕቶፑ የራሱ ፕሮግራም፣ በኩል ይታዘዛል። ፕላትፎርም ካለ በላፕቶፑ አምራች ድራይቨር በኩል ነው። ሮው ካለ የግራፊክስ ድራይቨሩ ሃርድዌሩን በቀጥታ ያዛል። ሁለት መቆጣጠሪያ ሲኖር ዴስክቶፖች ከቆየ ልማድ ፈርምዌሩን ያስቀድማሉ፤ የባዮሱ መንገድ ሙት ከሆነ መለኪያው ይንቀሳቀሳል፣ ስክሪኑ ግን አይሰማም።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን በእጃችሁ ጻፉ

1. ጣሪያውን እወቁ፦

ካት /ሲስ/ክላስ/ባክላይት/ኢንቴል_ባክላይት/ማክስ_ብራይትነስ

ቁጥሩ ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ይለያያል። ኤሲፒአይ_ቪዲዮ0 ላይ እንደ 15 ወይም 100 ያለ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ኤኤምዲ ላይ ብዙ ጊዜ 255፤ ኢንቴል ላይ ከመቶዎች እስከ አሥር ሺዎች ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የሌላ ሰው ቁጥር አትቅዱ።

2. መጀመሪያ የጣሪያውን ግማሽ ጻፉ። ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈጽማል። ጣሪያው 1000 ከሆነ፦

ኤኮ 500 | ሱዶ ቲ /ሲስ/ክላስ/ባክላይት/ኢንቴል_ባክላይት/ብራይትነስ

3. ቀጥሎ ሩቡን፣ 250ን፣ በዚያው መንገድ ጻፉ። ስክሪኑን እያያችሁ።

ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። ግማሹን ቀድማችሁ የጻፋችሁት ሁለተኛው ቁጥር ስክሪኑን ቢያጨልመው መመለሻ እንዲሆናችሁ ነው፦ ሳታዩ የላይ ቀስቱን ሁለቴ፣ ከዚያ ኢንተር ተጫኑ፤ ግማሹ ተመልሶ ይጻፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ 0 አትጻፉ። በአንዳንድ ላፕቶፕ 0 ዝቅተኛው ብርሃን ነው፤ በሌላው የኋላ መብራቱን ጨርሶ ያጠፋዋል። ከጣሪያው 5 በመቶ በታች አትውረዱ።

ሁለት ስሕተት እዚህ ጋ ይደጋገማል። የመጀመሪያው «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚል መልስ ነው። የሚመጣው ሱዶን ከኤኮ ፊት አስቀምጣችሁ በ > ምልክት ወደ ፋይሉ ስትጽፉ ነው፤ ሱዶ ሥልጣን የሰጠው ለኤኮ ብቻ ነው፣ ፋይሉን የሚከፍተው ግን የእናንተው ተራ ሼል ነው። ከላይ ቲን የተጠቀምነው ለዚሁ ነው። ሁለተኛው «ኢንቫሊድ አርጊዩመንት» ነው፤ ከጣሪያው ያለፈ ቁጥር ጽፋችኋል። ፋይሉንም በጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍታችሁ ለማስቀመጥ አትሞክሩ፤ ተራ ፋይል ስላልሆነ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ይሰናከሉበታል።

አሁን ያያችሁትን ለዩ፦

- ብርሃኑ ተለወጠ፦ ከርነሉና ፓነሉ ጤነኛ ናቸው። ወደ 4ሀ።
- ቁጥሩ ተጻፈ፣ ብርሃኑ ግን አልተለወጠም፦ ወደ 4ለ።
- ከሁለት መቆጣጠሪያ አንዱ ብቻ ሠራ፦ የሚሠራውን ስምና ታይፑን መዝግቡ፤ እናንተም ወደ 4ለ።

ደረጃ 4ሀ፦ ቁልፉ ወይም ዴስክቶፑ ነው

ኢቪቴስት የተባለውን ፓኬጅ ጫኑና አስነሡት፦

ሱዶ ኢቪቴስት

የመሣሪያ ዝርዝር ያወጣና ቁጥር እንድትመርጡ ይጠይቃል። ብዙ ሰው እዚህ ኪቦርዱን ብቻ ይመርጥና ምንም ሳያይ «ቁልፉ ሞቷል» ይላል። የብርሃን ቁልፍ ምልክት ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቪዲዮ ባስ ከሚለው መሣሪያ፣ ወይም የአምራቹ ስምና ሆትኪስ ካለበት ነው። በየተራ ምረጧቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ኮንትሮልና ሲ ተጭናችሁ ውጡና እንደገና አስነሡ። ጤነኛ ቁልፍ ሲቀንስ 224፣ ሲጨምር 225 የሚል ኮድ ያወጣል።

224 እና 225 ከታዩ። ቁልፉ ደርሷል፤ የማይሰማው ዴስክቶፑ ነው። ጂኖምና ኬዲኢ የተባሉት ዴስክቶፖች እነዚህን ኮዶች በራሳቸው ያውቃሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ በኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ አቋራጩ በሌላ ሥራ ተይዞ እንደሆነ እዩ። አይ3 እና ስዌይ በተባሉት የመስኮት አስተዳዳሪዎች ላይ ግን እናንተው ካላሰራችሁት በስተቀር ቁልፉ ምንም አያደርግም። ብራይትነስሲቲኤል የተባለውን ፓኬጅ ጫኑ፤ ብራይትነስ ከሚለው ቃል ጋር ሲ፣ ቲ፣ ኤል ሳይነጣጠሉ። ከዚያ ለመጨመሪያው ቁልፍ፦

ብራይትነስሲቲኤል ሴት 5%+

ለመቀነሻው፦

ብራይትነስሲቲኤል ሴት 5%-

በሱዶ ሠርቶ ያለ ሱዶ እምቢ ካለ፣ ተጠቃሚያችሁን ቪዲዮ በተባለው ግሩፕ ውስጥ አስገቡ፦

ሱዶ ዩዘርሞድ -ኤጂ ቪዲዮ የተጠቃሚ-ስም

ዩዘርሞድ ሲጻፍ ዩ፣ ኤስ፣ ኢ፣ አር ነው፤ ከዚያ ሳይነጣጠል ሞድ። ከሰረዙ በኋላ ትንሿ ኤ እና ትልቁ ጂ ናቸው። ትንሿን ኤ አትርሱ፤ ከቀረች ተጠቃሚው ከሌሎች ግሩፖች ሁሉ፣ ከሱዶም ጭምር፣ ይወጣል። ከዚያ ሎግ አውት አድርጋችሁ ተመለሱ፤ ካልወጣችሁ ለውጡ አይታይም።

ኤክስባክላይት የተባለውን የቆየ መሣሪያ ተዉት። ሞድሴቲንግ በሚባለው ድራይቨር ላይ «ባክላይት ፕሮፐርቲ የለም» ብሎ ይቆማል፤ ዌይላንድ ላይም አይሠራም። ኤክስራንድአር ደግሞ በብራይትነስ አማራጩ ስክሪኑን ያደበዘዘ ይመስላል እንጂ የኋላ መብራቱን አይነካም፤ የምስሉን ቀለም ነው የሚያጠቁረው። ባትሪ አይቆጥብም።

ምንም ኮድ ካልታየ። ኤፍኤን ሎክ መኖሩን ፈትሹ፤ በብዙ ላፕቶፕ ኤፍኤንና ኤስኬፕ አብረው ሲጫኑ ይቀያየራል። ባዮስ ውስጥ የፈንክሽን ቁልፎችን ጠባይ የሚወስን አማራጭም አለ። ሁለቱም ካልረዱ የአምራቹ ሞጁል መጫኑን እዩ፦

ኤልኤስሞድ | ግሬፕ ደብሊውኤምአይ

አሱስ ላይ አሱስ_ኤንቢ_ደብሊውኤምአይ ይጠበቃል። ሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ደግሞ ቲንክፓድ_ኤሲፒአይን፣ አይዲያፓድ ላይ አይዲያፓድ_ላፕቶፕን በዚሁ መንገድ ፈልጉ። እስኪገኝ ድረስ ከላይ ያሉትን ሁለት የብራይትነስሲቲኤል ትእዛዞች በሴቲንግ በኩል ለሌላ የቁልፍ ጥምር ስጡ።

ደረጃ 4ለ፦ ከርነሉ የተሳሳተ መንገድ ይዟል

የሚያገለግለው አንድ የከርነል መስመር ነው፦ ኤሲፒአይ_ባክላይት። ኤሲፒአይ አራት ፊደል ነው፤ ኤ፣ ሲ፣ ፒ፣ አይ። ከእኩል ምልክቱ በፊትም በኋላም ክፍት ቦታ የለም። ምርጫችሁን የሚወስነው ደረጃ 2 እና 3 ላይ ያያችሁት ነው፦

- ኤሲፒአይ_ቪዲዮ0 ብቻ አለ፣ አይሠራም፦ ኤሲፒአይ_ባክላይት=ኔቲቭ ሞክሩ።
- ሁለት ነበሩ፣ የሠራው ሮው የሚለው ነው፦ እሱም ኔቲቭ ነው።
- ኢንቴል_ባክላይት ወይም ኤኤምዲጂፒዩ ብቻ አለ፣ አይሠራም፦ ኤሲፒአይ_ባክላይት=ቪዲዮ ሞክሩ።
- ሁለቱም ካልሆነ፣ በተለይ በቆየ ላፕቶፕ፦ ኤሲፒአይ_ባክላይት=ቬንደር።

በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ። ሁለት ደርባችሁ ቢሠራ የትኛው እንደሠራ አታውቁም፤ ባይሠራ የትኛው እንዳበላሸ አታውቁም።

ኦሌድ ስክሪን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ኦሌድ ከኋላው የሚጨምር የሚቀንስ መብራት የለውም፤ ብርሃኑ የሚታዘዘው ምስሉ በሚያልፍበት ገመድ ውስጥ ባለው የመልእክት መስመር ነው። በኢንቴል ላይ አይ915.ኢኔብል_ዲፒሲዲ_ባክላይት=1 ሞክሩ፤ ካልሠራ 1ን በ3 ቀይሩ። በኤኤምዲ ላይ ኤኤምዲጂፒዩ.ባክላይት የሚለው 1 ሲሆን በዚያው የመልእክት መስመር፣ 0 ሲሆን በተለመደው የኤሌክትሪክ ምት ያዛል። ድራይቨሩ ፓነሉን በስሕተት ለይቶት ከሆነ ተቃራኒውን መስጠት ያቃናዋል።

ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ኤንቪዲያ ከሆነ፣ ከከርነል መስመር በፊት ባዮሱን ክፈቱ። ፓነሉን በቀጥታ ከኤንቪዲያው ጋር የሚያገናኝ አማራጭ ተመርጦ ከሆነ ኢንቴል_ባክላይት ቢታይ እንኳ የሚያዘው ፓነል የለውም። ወደ ሃይብሪድ መልሱና ደረጃ 2ን ድገሙ። ብዙ ጊዜ እዚሁ ያልቃል።

ደረጃ 4ሐ፦ ፎልደሩ ባዶ ነው

መጀመሪያ ይህን አንብቡ፦

ካት /ፕሮክ/ሲኤምዲላይን

በሚወጣው መስመር ውስጥ ኖሞድሴት የሚል ቃል ካለ ሌላ አትፈልጉ። ሊኑክስ ሲጫን ስክሪኑ ጨልሞ ስላስቸገረ የገባ፣ ከዚያም የተረሳ ቃል ነው። የግራፊክስ ድራይቨሩ ስክሪኑን እንዳይረከብ ይከለክላል፤ ድራይቨሩ ካልተረከበ ደግሞ የብርሃን መቆጣጠሪያ የሚፈጥር የለም። በደረጃ 5 መንገድ አውጡት።

ከሌለ ድራይቨሩ ራሱ መነሣቱን እዩ፦

ኤልኤስፒሲአይ -ኬ

ቪጂኤ ወይም ዲስፕሌይ የሚለውን ክፍል ፈልጉ። ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚለው መስመር አይ915፣ ኤክስኢ፣ ኤኤምዲጂፒዩ፣ ኑቮ ወይም ኤንቪዲያ ማለት አለበት። መስመሩ ከሌለ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የፈርምዌር ፋይል መጉደል፦

ሱዶ ዲሜሴጅ | ግሬፕ -አይ ፈርምዌር

ዲሜሴጅ አምስት ፊደል ነው፦ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ። ከግራፊክሱ ስም ጋር «ፌይልድ» የሚል ካወጣ በኡቡንቱ ሊኑክስ-ፈርምዌር የሚለውን ፓኬጅ፣ በደቢያን ላይ ለኤኤምዲ ፈርምዌር-ኤኤምዲ-ግራፊክስ የሚለውን ጫኑ። ሁለተኛው ሴኪዩር ቡት ነው፤ ያልተፈረመ የኤንቪዲያ ሞጁል እንዳይነሣ ይከለክላል። ድራይቨሩን ስትጭኑ የተጠየቃችሁትን ቁልፍ የማስመዝገብ ሰማያዊ ገጽ ዘላችሁት ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ድራይቨሩን እንደገና ጫኑና በሚቀጥለው ሪስታርት ገጹ ሲመጣ ቁልፉን አስመዝግቡ።

ደረጃ 5፦ የከርነል መስመር አገባብ፣ መጀመሪያ ለሙከራ

በፍጹም በቀጥታ ቋሚ አታድርጉት።

1. ሪስታርት አድርጉ። የግራብ ዝርዝር ካልመጣ፣ ኡቡንቱ ላይ በአዲስ ላፕቶፕ ኤስኬፕን፣ የድሮ ባዮስ ባለው ሺፍትን ተጫኑ።
2. በመጀመሪያው ምርጫ ላይ ሆናችሁ የኢ ፊደልን ተጫኑ።
3. ሊኑክስ በሚል ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልጉ፤ መጨረሻው ላይ አንድ ክፍት ቦታ ትታችሁ የመረጣችሁትን ጻፉ። ኖሞድሴትን ለማውጣት ከሆነ ቃሉን ብቻ አጥፉ።
4. ኮንትሮልና ኤክስ፣ ወይም ኤፍ10 ተጫኑ።

ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስክሪኑ ቢጨልም የማብሪያ ቁልፉን ይዛችሁ አጥፉና እንደገና አስነሡ፤ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከተነሣ በኋላ ደረጃ 3ን ድገሙ። ሲሠራ ብቻ ቋሚ አድርጉት፦

1. ቅጂ ያዙ፦

ሱዶ ሲፒ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ.ባክ

2. ክፈቱት፦

ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ

3. በትልልቅ ፊደል ግራብ_ሲኤምዲላይን_ሊኑክስ_ዲፎልት የሚለውን መስመር ፈልጉ። በጥቅስ ምልክቶቹ መካከል፣ ካለው ቃል ቀጥሎ አንድ ክፍት ቦታ ትታችሁ ጨምሩ። የመዝጊያው ጥቅስ ሳይጠፋ!
4. ኮንትሮልና ኦ፣ ኢንተር፣ ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስ።
5. በኡቡንቱ፣ በሚንትና በደቢያን፦

ሱዶ አፕዴት-ግራብ

በአርች ሊኑክስ ሱዶ ግራብ-ኤምኬኮንፊግ -ኦ /ቡት/ግራብ/ግራብ.ሲኤፍጂ ነው። በፌዶራ ፋይሉን ሳትነኩ በግራቢ ጨምሩ፦

ሱዶ ግራቢ --አፕዴት-ከርነል=ኦል --አርግስ="ኤሲፒአይ_ባክላይት=ኔቲቭ"

ኦል የሚለው በትልልቅ ፊደል ነው።

6. ሪስታርት አድርጋችሁ /ፕሮክ/ሲኤምዲላይንን እንደገና አንብቡ። የጻፋችሁት ከሌለ ተራ ቁጥር 5ን ዘላችኋል፤ ወይም ላፕቶፑ የሚነሣው በግራብ ሳይሆን በሌላ ማስነሻ ነው።

ደረጃ 6፦ ይሠራል፣ ግን ሲነሣ ይረሳዋል

የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስነሣው ሲስተምዲ፣ ላፕቶፑ ሲዘጋ ብርሃኑን መዝግቦ፣ ሲነሣ ይመልሰዋል። የማብሪያ ቁልፉን ይዛችሁ በግድ የምታጠፉ ከሆነ መመዝገቢያ ጊዜ አያገኝም፤ ሁልጊዜ አሮጌው ይመለሳል። ሁኔታውን እዩ፦

ሲስተምሲቲኤል | ግሬፕ ባክላይት

«ፌይልድ» የሚል አገልግሎት ካለ ስሙን ተመልከቱ። ኤሲፒአይ_ቪዲዮ0 ካለበት፣ ሲስተምዲ የማይሠራውን መቆጣጠሪያ ለመመለስ እየሞከረ ነው። ደረጃ 4ለ በትክክል ካለቀ ይህ መልእክትም አብሮ ይጠፋል። አገልግሎቱን በማስክ መዝጋት የሚታሰበው ከዚያ በኋላም ከቀጠለ ብቻ ነው።

ውጫዊ ሞኒተር ከሆነ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለላፕቶፑ ፓነል ነው። ለውጫዊ ሞኒተር ዲዲሲዩቲል የተባለውን ጫኑና፦

ሱዶ ሞድፕሮብ አይ2ሲ-ዴቭ
ሱዶ ዲዲሲዩቲል ዲቴክት
ሱዶ ዲዲሲዩቲል ሴትቪሲፒ 10 50

10 የብርሃን ኮድ ነው፤ ምንጊዜም አይለወጥም። 50 የምትፈልጉት መጠን ነው። ዲቴክት ሞኒተሩን ካላገኘ በሞኒተሩ በራሱ ሜኑ ዲዲሲ/ሲአይ የሚለውን አብሩ፤ ከዚያም ካልሆነ ማገናኛ ሃቡን ተዉና ኬብሉን በቀጥታ ሰኩ።

ሶፍትዌር የማይፈታው

ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ባዮሱን ክፈቱ። ስክሪኑ እዚያም ደብዛዛ ከሆነ፣ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም ክዳኑን ስታንቀሳቅሱ ብርሃኑ ከተለዋወጠ፣ ሊኑክስ ገና አልተነሣምና እሱን አትንኩት። የፓነሉ ኬብል ወይም የኋላ መብራቱ ነው የተጎዳው። ክዳኑን ስታንቀሳቅሱ የሚለዋወጠው ብዙ ጊዜ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ኬብል ነው፤ ኬብሉ ደግሞ ከፓነሉ ለብቻው የሚቀየር ዕቃ ስለሆነ፣ ለጥገና ስትሰጡ መጀመሪያ እሱ እንዲፈተሽ ጠይቁ።